ዘጠና ሰባት የሽምብራ ቆሎ

1

ዘጠና ሰባት።

እንደገና ቆጠርኩ።

ዘጠና ሰባት።


2

መቶ መሆን ነበረበት።


3

ይህን የምታነብ ሰው፣ ልቤ ቦታዋ እስክትመለስ ታገሰኝ። ውባየሁ እባላለሁ። የሆስፒታላችን የአዳዲስ ሕክምና መሣሪያዎች መራጭ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ ከሁለት መሣሪያዎች አንዱን ለመምረጥ ተሰብስበን ነበር።

ሀ. የኩላሊት እጥበት ማሽን።
ለ. በየጤና ጣቢያው ለነፍሰ ጡሮች የሚዞር፣ በእጅ የሚያዝ አልትራሳውንድ።

ሁለቱም ነፍስ ያድናሉ። የሚገዛው ግን አንዱ ብቻ ነው ተባልን።


4

የአመራረጥ መመሪያ (እኔው ነኝ የጻፍኩት፤ ኮርቼበትም ነበር)

አምስት አባላት ናችሁ። እያንዳንዳችሁ ሃያ ሃያ ጠጠር ትወስዳላችሁ።

አራት ሳሕኖች አሉ። አንደኛው፦ ስንት ሰው ይጠቅማል? ሁለተኛው፦ የሚያሠራው ባለሙያ አለን? ሦስተኛው፦ ሕመሙ ምን ያህል የከፋ ነው? አራተኛው፦ ሕመምተኛው ምን ያህል ይጓዛል?

የበለጠ ይመዝናል ብላችሁ የምታምኑበት ሳሕን ላይ ብዙ ጠጠር አድርጉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳሕኖች ጠጠር ለአልትራሳውንዱ፣ የኋለኞቹ ለእጥበት ማሽኑ ይቆጠራል።

ማንም የማንንም ጠጠር አይነካም።


5

ጠጠሩ ሳይደርስ ቀረ። እኔም ብልጥ ነኝና በር ላይ ቆሎ ከምትሸጠው ሴት የሽምብራ ቆሎ ገዛሁ። የአገሬ ሰው ፊቱ ቆሎ ተቀምጦለት፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ንግግር እየሰማ፣ እጁ ምን እንደሚያደርግ የማላውቅ ይመስል!


6

ውጤት

አልትራሳውንድ፦ 50.5 ከመቶ
የኩላሊት እጥበት፦ 49.5 ከመቶ

ሁሉም አጨበጨበ። ኮምፒውተሩ የሰጡትን ቁጥር ሁሉ ከመቶ ያሰላዋል፤ ጎደለ አይልም። እኔ ቃለ ጉባኤውን ልጽፍ ብዬ ዛሬ ጠዋት የሳሕኖቹን ፎቶ በጣቴ ባልቆጥር ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። አርባ ዘጠኝ ለአርባ ስምንት።


7

ወይዘሮ አስካለ በኮሚቴው የሕመምተኞች ተወካይ ናቸው። ልጃቸው ብርቄ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ደሟን ለማሳጠብ በሳምንት ሦስት ቀን ለመሄድ አራት ሰዓት፣ ለመመለስም አራት ሰዓት ትጓዛለች።

ቆሏቸውን በሙሉ አራተኛው ሳሕን ላይ ገለበጡት። «ሌላውን እናንተ የተማራችሁት ታውቁታላችሁ፤ መንገዱን ግን እኔ አውቀዋለሁ» አሉ። ከእሳቸው በቀር እዚያ ሳሕን ላይ አንዲት ፍሬ ያስቀመጠ የለም።


8

ፎቶ አንድ። ስብሰባው ሲጀመር። በየሰዉ ፊት ሃያ ሃያ ፍሬ።

ፎቶ ሁለት። ሰብሳቢያችን ዶክተር እንዳሻው ሲናገሩ። ከወይዘሮ አስካለ ጎን አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ዓይኗ ዶክተሩ ላይ፣ እጇ አፏ ላይ ነው።

ፎቶ ሦስት። አራተኛው ሳሕን። አሥራ ሰባት ፍሬ።

ሌላ ሰው ይሆናል ልል ዳድቶኝ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! የእጅ ሰዓቱ የእኔ ነው። ቀለበቱም የእኔ።


9

ክው።


10

ዶክተር እንዳሻው ጋ ደወልኩ። «የግዥው ደብዳቤ ስድስት ሰዓት ላይ ይወጣል፤ ስህተት ካለ ከዚያ በፊት በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ» አሉኝ። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም። አፈርኩ።

ሦስቱ ሲመለሱ ሃምሳ አንድ ለአርባ ዘጠኝ ይሆናል። ማሽኑ ለእነብርቄ ይመጣል፤ አልትራሳውንዱ ለነፍሰ ጡሮቹ አይመጣም። ግን ኮሚቴው መርጦ ነበር። የኮሚቴውን ምርጫ እኔ በላሁት።


11

የስልክ ንግግር፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት

እኔ፦ እትዬ አስካለ፣ እንደምን አደሩ? ብርቄስ?

እሳቸው፦ መንገድ ላይ ናት። ዛሬስ አልሄድም ብላ ተሸፋፍና ተኝታ ነበር። «እማዬ፣ ከሕመሙ ይልቅ መንገዱ ገደለኝ» አለችኝ። እግሯ ላይ ወድቄ አሳፈርኳት።

እኔ፦ እትዬ… የማክሰኞ ዕለት ከእርስዎ ፊት ሽምብራ ሳልበላ አልቀረሁም።

እሳቸው፦ (እየሳቁ) ሦስት ፍሬ! አይቼሽ የለ እንዴ!

እኔ፦ አይተው ዝም አሉኝ?

እሳቸው፦ ታዲያ ምን ልበል? የሚበላ ሰው እጅ ይያዛል? ነውር አይደለም? ቁርስ ሳትቀምሺ የመጣሽ መስሎኝ፣ አንጀቴን በላሽውና ወደ አንቺ ገፋ አደረግኩልሽ እንጂ።

እኔ፦ ዛሬ ጠዋት ፍሬዎቹን ከፎቶው ቆጠርኩ፣ እትዬ።

እሳቸው፦ ውባየሁ? ጎደለ እንዴ?


12

የእርማት መጠየቂያ ቅጽ

ቀን፦ ዛሬ
ሰዓት፦ አምስት ተኩል
የጎደለው ብዛት፦ ሦስት ፍሬ
የተነካው ሳሕን፦ አራተኛው፣ ሕመምተኛው ምን ያህል ይጓዛል
የእርማት ጠያቂዋ ስም፦ ውባየሁ
ያጎደለው ሰው ስም፦ እዚያችው ውባየሁ

ምክንያት፦ በላሁት።

ፊርማ፦ ውባየሁ