ወደ ውጭ የሚከፈቱ በሮች

እኛ ሰፈር ያሉ በሮች በሙሉ ወደ ውጭ ነው የሚከፈቱት። አዲስ ሰው ሲመጣ ገፋ ገፋ ያደርግና «የሉም መሰለኝ» ብሎ ይመለሳል። እኛም ሌላ ሰፈር ስንሄድ የሚገፋውን በር ስንስብ ቆይተን መሳቂያ እንሆናለን። በሮቹን እንዲህ ያደረጋቸው ባሌ ነው። አናጺ ነው፤ እጁ ወርቅ ነው፤ ልቡ ግን ተራራው የተናደ ቀን እዚያው ቀርቷል።

ያን ቀን ጭቃው የቤታችንን የጓሮ ግድግዳ ሰብሮ ገባ። የበኩር ልጃችን ማሙሽ ብቻውን ቤት ነበር። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ስለነበር የገባው ጭቃ ከውስጥ ተደግፎ ዘጋው። ባሌ ከውጭ በትከሻው ይገፋል፣ ልጁ ከውስጥ ይጮኻል። አካፋ የያዘ ሰው እስኪደርስ ባሌ አፉን በሩ ላይ ለጥፎ «አትጩህ የኔ ልጅ፣ አየሩን አትጨርሰው፣ ዝም በል» ይለው ነበር። ማሙሽ ታዛዥ ልጅ ስለነበር ዝም አለ። ዝም ያለው ታዝዞ ይሁን ሞቶ ግን ባሌ እስከ ዛሬ አያውቅም።

በሩን የሠራውም ራሱ ነበር። ከቀብሩ በኋላ መዶሻውን ይዞ ቤት ለቤት እየዞረ የሰፈሩን በር ሁሉ ከነማጠፊያው እየነቀለ ወደ ውጭ አዞረው። ሥራልን ያለው ሰው የለም፤ አትንካብን ያለውም የለም።

ይሄ ከሆነ ብዙ ዓመት አለፈው። ጭቃው ተጠርጓል፣ ቤቱ ተሠርቷል፣ ተራራውም ዛፍ ለብሶ ሲያዩት የዋህ መስሏል። ሰዉ ግን አልዳነም። ዝናብ ባለ ቁጥር ከነጫማው ነው የሚተኛው። የሌላ ሰፈር ሰዎች «እነሱ ጫማ የሚያወልቁት ሲሞቱ ነው» እያሉ ያሾፉብናል። ዳቦ ጋጋሪው ነጎድጓድ ከሰማ ዳቦውን ምድጃ ውስጥ ትቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ይፈተለካል፤ ከፍ ያለው ቦታ እሱ ነውና። በክረምት ያረረ ዳቦ መብላት ለምደናል። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ሳትቀር ደንበኛዋን አስከትላ ትሮጣለች።

አንዴ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ከሩቅ መጥታ ነበር። የያዘን ሕመም ስም እንዳለው፣ ካልታከመም ከወላጅ ወደ ልጅ ሊሻገር እንደሚችል ስታስረዳን ሰነበተች። እኔ ስቄባታለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከስፌት መኪናዬ ሳልነሳ ሯጮቹን በመስኮት እያየሁ ስተርባቸው ነው የኖርኩት። ልጄን ቀብሬ፣ አልቅሼ፣ ሥራዬ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ሌላው ለምን እንደማይቀመጥ አይገባኝም ነበር።

ከማሙሽ በኋላ የወለድናት ልጃችን ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። ባሏ ጥሏት ሲሄድና የሥራ ፈረቃው ከልጅ ጋር አልሆን ሲላት የአራት ዓመት ልጇን ሚጣን እኛ ጋ አመጣቻት። ልትሄድ ስትል በር ላይ ያዘችኝና «እማዬ፣ አባዬ ያንን የፍርሃት ነገሩን ልጄ ላይ ከጀመረ የዛኑ ቀን ነው የምወስዳት» አለችኝ። «እኔ እዚህ ቤት እንዴት እንዳደግኩ ታውቂያለሽ።»

«ምን ሆነሽ አደግሽ? ይኸው በር አላስገባ እስኪልሽ ወፍረሽ የለ እንዴ?» አልኳት። አልሳቀችም።

ሚጣ ከመጣች ወዲህ ባሌ ሰው ሆነ። ቃል ከአፉ በጉጠት ተስቦ የሚወጣ ሰውዬ ከሷ ጋር ሲያወራ መዋል ጀመረ። ከቤታችን ጎን ያለችው የሥራ ክፍሉ ውስጥ ትገባና ከመላጊያው የሚወድቀውን ፍቅፋቂ ፀጉሯ ላይ እየሰካች «አባባ፣ ሙሽራ መሰልኩ?» ትለዋለች። «መስለሻል፣ ግን ባልሽ ሲመጣ ምስማር እንዳይረግጥ ጫማ አድርግ በይው» ይላታል። አንድ ቀን ሲስቅ ሰማሁት። ሳቁን ረስቼው ስለነበር እንግዳ የመጣ መስሎኝ ሥራዬን ትቼ ወጣሁ። ያቺ ልጅ ከዚህ ቤት እንዳትሄድብን የማላደርገው ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ቅንጣት ደመና ሳይኖር፣ ቤት ለሚያሠራው ጎረቤታችን ገልባጭ መኪና ጠጠር ይዞለት መጣ። ሾፌሩ ለሰፈሩ አዲስ ነበር። መኪናው ሲያንጎራጉር ሰምቻለሁ፤ ቁብም አልሰጠሁትም። የአስተማሪዋን ቀሚስ ጠርዝ እያጠፍኩ ነበር። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። ከላይ ወደ ታች የሚንደረደር፣ ወለሉን የሚያንቀጠቅጥ የድንጋይ ድምፅ።

ምን አሰብሽ ብትሉኝ ምንም አላሰብኩም። ራሴን ያገኘሁት ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነው፤ በአንድ እጄ መቀስ፣ በሌላው የሰው ቀሚስ ይዤ። ዳቦ ጋጋሪው አጠገቤ ቆሞ ያለከልካል። ዞር ብሎ አየኝና «አንቺም?» አለኝ።

ሚጣ ትዝ ያለችኝ ያኔ ነው። ባሌና እሷ የሥራ ክፍሉ ውስጥ ነበሩ፤ በራቸው ከኔ በር ሁለት እርምጃ አይርቅም። አልፌያቸው ነው የሮጥኩት።

ቁልቁል እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ሰፈሩ ጭር ብሏል። ሾፌሩ ብቻ አካፋ ይዞ ጠጠሩ ላይ ቆሟል።

«እናቴ፣ ሰዉ ሁሉ የት ሄደ?» አለኝ። «እኔ እኮ ጠጠር ነው ያራገፍኩት። ሲሮጡ ሳይ እኔም ልከተላችሁ ምንም አልቀረኝም።»

ጎረቤት ግቢ መራገፍ የነበረበት ጠጠር ተንሸራቶ የሥራ ክፍሉን በር እስከ ወገቡ ቀብሮታል። መስኮቷን ደግሞ የተደረደረው ሳንቃ ጋርዷታል። በሩ ያው እንደ ሌሎቹ ወደ ውጭ የሚከፈት ነው፤ ባሌ በገዛ እጁ ያዞረው።

«ውስጥ ሰው አለ» አልኩት።

«የለም እናቴ። ደጋግሜ ተጣርቻለሁ፤ የሚመልስ ሰው የለም።»

ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ያኔም በሩ ላይ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ሾፌሩ በአካፋው፣ እኔ በእጄ ጠጠሩን እንዝቅ ጀመር። ቀስ በቀስ የሸሸው ሰው ተመለሰ። ዳቦ ጋጋሪው በመጥበሻ፣ የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ በካርቶን ይዝቃሉ። በሩ አንድ ሰው በጎን እንደሚያሳልፍ ሲከፈት ቀድሜ ገባሁ።

ባሌ የሥራ ጠረጴዛው ሥር ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። ሚጣ ጭኑ ላይ ናት። መዳፉ አፏ ላይ ነው፤ አልተጫናትም፣ እንዲያው አርፎባታል። መጫንም አላስፈለገውም። ልጅቷ ጉንጮቿን ነፍታ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ ትንፋሿን ይዛለች። እሱ ጆሮዋ ሥር «ጎበዝ ማሙሽ፣ ጎበዝ የኔ ልጅ፣ አትጨርሰው» ይላል። ሚጣ ስታየኝ ዝም እንድል ራሷን ነቀነቀችብኝ።

«ጠጠር ነው» አልኩት። «አንተ ሰውዬ፣ የሰው ጠጠር ነው የፈሰሰው። በሩ ተከፍቷል። ልቀቃት።»

ብዙ ቆይቶ ነው እኔ መሆኔን ያወቀው። «እስኪ ትንፋሿን ስሚልኝ» አለኝ። ጆሮዬን ደረቷ ላይ አድርጌ «ትተነፍሳለች» ስለው አለቀሰ። የማሙሽ ቀብር ላይ አላለቀሰም ነበር።

ሚጣ እስኪመሽ አልተናገረችም። አጠብኳት፣ አባበልኳት፣ ከዚያም «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፣ እሺ?» አልኳት። አላፍርም። ልጄን ዓይኗን እያየሁ ልዋሻት ቆርጬ ነበር። ቀና ስል ግን ባሌ ስልኩን ይዞ በር ላይ ቆሟል።

«ደወልኩላት» አለ። «ነገ መጥታ ትወስዳታለች።»

«አብደሃል? ከሷ ሌላ ምን አለህ? እኔስ ምን አለኝ?»

«ዝም በይ ስላት ዝም አለች» አለኝ። «እንደሱ ታዛዥ ናት።»



ልጃችን በማግስቱ መጣች። ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልተቆጣችም፤ አባቷን ግንባሩን ስማ ልጇን አቅፋ ሄደች። የሚጣ ፀጉር ውስጥ አንድ ፍቅፋቂ ቀርቶ ነበር። ላነሳላት እጄን ሰደድኩና ተውኩት።

ባሌ አሁን በሮቹን ሁሉ መሃል ለመሃል እየቆረጠ ነው። ታችኛው ግማሽ ወደ ውጭ፣ ላይኛው ወደ ውስጥ ይከፈታል። መጀመሪያ የራሱን ሠራ። ሳምንት ሳይሞላ ዳቦ ጋጋሪው «የኔንም» ብሎ መጣ፣ ከዚያ የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ፣ ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ። ድሮ ቢሆን ስንት ነገር እላቸው ነበር። አሁን የስፌት መኪናዬን ወደ በሩ አስጠግቼ፣ የጫማዬን ማሰሪያ አጥብቄ ነው የምሠራው።

ትናንት ከሰዓት ልጄ ደወለች። ባሌ ጋ የሥራ ክፍሉ በር ላይ ነበርኩ።

«እማዬ፣ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ሚጣ ትንፋሿን ትይዛለች» አለችኝ። «ከንፈሯ እስኪጠቁር ድረስ። ነርስ ሆኜ የምላት ጠፋኝ። አባዬ ያናግራት፣ እሱን ትሰማለች።»

የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ሰጠሁት። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተቀበለኝ።

«ሚጣዬ፣ ተንፍሺ» አላት። «አየሩ ብዙ ነው፣ አያልቅም። እንደፈለግሽ ጩኺ።»

«በሩ ተከፈተ?» አለች ሚጣ።

«ተከፍቷል።»

«አንተስ ወጣህ፣ አባባ?»

ላይኛው በር ተከፍቷል፣ ታችኛውም ተከፍቷል፣ ፀሐይ እግሩ ድረስ ገብታለች። ስልኩን መልሶ ዘረጋልኝ።

«ወጥቷል የኔ እናት» አልኳት። «ውጭ ነው። ይኸው አጠገቤ ቆሟል።»

«እሺ» አለችና ይዛው የነበረውን ትንፋሽ ለቀቀችው፤ በስልኩ ውስጥ ሰማሁት። እሱ መቃኑን ይዞ እዚያው ውስጥ እንደቆመ ነበር።