የቀኙ ውሃ

ቧንቧ ሠራተኛው ሁለቱን የእጅ መታጠቢያዎች ሲነቅሉ ከኋላቸው ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር ብቅ አለ። «ግራ የትልቋ፣ ቀኝ የትንሿ።»

«የኔ ጽሑፍ ነው» አሉ አቧራውን በአውራ ጣታቸው እየጠረጉ። «አባታችሁ አጠገቤ ቆመው ነው ያጻፉኝ። ‹መስታወት ሲሻሙ ትምህርት ቤት የሚያረፍዱ ሁለት ንግሥቶች አሉኝ› እያሉ።»

ሳቅሁ። አባታችን ካረፈ ወዲህ ቤቱ የሁለታችን ነው። እህቴ «ተሰነጣጥቀዋል፤ አንድ ይበቃናል» ስትለኝ አልተከራከርኳትም። እሷ በማለዳ ነው የምትወጣው፣ እኔ አርፍጄ።

«አዲሱን መሃል ላይ ነው የሚያደርጉት፣ ጋሼ?»

«የለም፣ ግራው ላይ። የቀኙን ፍሳሽ እደፍንና ውሃውን ቆርጬ ሴራሚክ አለብስበታለሁ። እዚህ ጋ ረጅም መስታወት ይቆማል፤ ደንበኞቿ ልብስ የሚለኩበት።»

«የምን ደንበኞች?»

«የእህትሽ፣ የስፌቷ ነዋ! አንቺ በወሩ መጨረሻ ስትለቂ ክፍልሽን...» የያዙት መፍቻ አየር ላይ ቀረ። «አልነገረችሽም እንዴ?»

የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ባለፈው እሁድ ክፍሌ መጥታ «መጋረጃ ልሰፋልሽ ነው፤ ጫፉን ያዢልኝ» ብላ ሜትር አስይዛኝ ነበር። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ ያዝኩላት። ለመጋረጃ የወለል ስፋት ምን ያደርጋል ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። ቁጥሩን ሁሉ ጮክ ብዬ ያነበብኩላት እኔ ነኝ።

«ምነው ምላሴን በቆረጠው» አሉ።

«ጋሼ፣ ውሃውን አይቁረጡት።»

«ይቁረጡት ነው ያለችኝ።»

«ቤቱ የኔም ነው።»

ራሳቸውን አከኩ። «ፍሳሹን ግን ካልደፈንኩት ሽታው ይገድላችኋል።»

«እሱን ይድፈኑት። ውሃውን ብቻ ይተዉልኝ።»

ሴራሚኩን አልብሰው ሲጨርሱ ከሣጥናቸው ያገለገለ የናስ ቧንቧ አወጡና ገጠሙት። አዲሱ ነጭ ሴራሚክ ላይ ብቻውን ተገትሮ ቀረ።

«መኪና ማጠቢያ አስመሰልሽው እኮ፣ ልጄ» አሉ። ሊያስቁኝ ነበር።

እህቴ ማታ ከሥራ ገብታ መብራቱን እንዳበራች ጠራችኝ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የኔ ውሃ።»

ገባት። ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። «ልነግርሽ ነበር እኮ።»

«መቼ፣ እትዬ? መጋረጃው ሲያልቅ?»

«አክስታችን ዘንድ ክፍል አለልሽ። አናግሬያታለሁ፣ ደስ ብሏታል።»

አክስቴም ታውቃለች ማለት ነው። ቅዳሜ ደውላ ስለ ጤናዬ ስትጠይቀኝ፣ ስለ ሥራዬ ስትጠይቀኝ፣ ታውቅ ነበር።

«እኔን ግን አላናገርሽኝም» አልኩ።

የሜትሩን ጫፍ በጣቷ አሻሸች። ወደ ክፍሌ ገባሁ፤ ተናግሬ የማሸንፍ ሰው አይደለሁም።

በማግስቱ በሷ ሰዓት ተነሳሁ። አዲሱ መታጠቢያ ላይ ጎንበስ ብላ ጥርሷን ስትቦርሽ ባልዲዬን ይዤ ገባሁ። እንደ ልጅነታችን ከቀኟ ቆምኩና ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ውሃው የባልዲውን ቂጥ እየደበደበ ወረደ፤ ቀሚሷ ጫፍ ላይ ተረጨ።

«ቀስ አድርጊው እንጂ!» አለች በአረፋ በተሞላ አፏ።

ቀስ አላደረግኩትም።