የመካኒክ ቤት ጠረጴዛ

ሽማግሌው የታጠቡትን ብርጭቆዎች እያደረቁ ጠረጴዛው ላይ በአፋቸው ይደፏቸዋል። ልጃቸው ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሳሎኑን የሞላው ለቀስተኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል፤ እሳቸው ግን ከመቀመጥ ብርጭቆ ማጠቡን መርጠዋል። አርባ ዓመት መኪና ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩት እጆቻቸው ሥራ መፍታት አያውቁም።

«እንቅልፍ ጥሎት ነው መኪናው የተገለበጠው አሉ» አለች በሩ አጠገብ አንዲት ጎረቤት፣ ለጓደኛዋ። «ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሌላ ምን ይመጣል?»

ምራታቸው ሰማች። ብርጭቆ የምትቀበላቸው መስላ ተጠጋች።

«አባባ፣ እውነት ተኝቶ ነበር? ያን ቀን እኮ ትንሽ ልተኛ ሲለኝ፣ ጭነቱ ይረፍድብሃል ብዬ የቀሰቀስኩት እኔ ነኝ።»

«እንጃ ልጄ» አሉ።

ጥግ ላይ የልጃቸው ባልደረባ፣ ሹፌሮቹ «ረጅሙ» የሚሉት፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሰውዬውን ባናማው። እሱ እንኳን ሊተኛ እኛንም በወሬው እንቅልፍ የሚነሳ ነበር።» አንዳንዶች ፈገግ አሉ። «የኔንም መኪና ትናንት አስቁመውታል። መሪው እንከን አለበት ብሎ ፋብሪካው ሁሉንም እየጠራ ነው። ለየባለንብረቱ ደብዳቤ ልኬያለሁ ይላል። እኔ ጋ አልደረሰም። እናንተ ጋስ?»

ሽማግሌው የያዙትን ብርጭቆ ደጋግመው አደረቁት።

ከሦስት ሳምንት በፊት ልጃቸው፣ «አባዬ፣ መሪው አንዳንዴ ይዋሸኛል» ብሏቸው ነበር። «ሳዞረው ቆይቶ ነው የሚሰማኝ።»

«መሪ አይዋሽም፤ የሚዋሸው ሹፌር ነው» አሉት። ሁለቱም ሳቁ። መኪናው ላይ ወጥተው መሪውን ሁለት ጊዜ ነቀነቁና፣ «ምንም የለው፣ ሂድ» አሉት።

በዚያው ሳምንት በልጃቸው ስም ፖስታ መጣ። ከፋብሪካው የሚላክ ወረቀት ሁልጊዜ የዘይት ማስታወቂያ ነበር። መነጽራቸውን ፍለጋ ለመነሳት ሰነፉ። ፖስታውን ሳይከፍቱ ለአራት አጠፉትና አንድ እግሩ አጭር ከሆነው ጠረጴዛ ስር ሸጎጡት። ልጃቸው እራት ሊበላ ሲቀመጥ ጠረጴዛውን ነካ ነካ አድርጎ፣ «አይ የመካኒክ ቤት» ብሎ ሳቀ።

የመጨረሻው ለቀስተኛ ሲወጣ ብርጭቆዎቹን አነሱ። ጎንበስ ብለው ፖስታውን ሳቡና ለምራታቸው ሰጧት።

ቀድዳ ቆማ አነበበች። «‹እስኪጠገን ድረስ ተሽከርካሪዎን እንዳያንቀሳቅሱ› ይላል።» ትከሻዋ ወረደ። «አልተኛም ነበር፣ አባባ። አልተኛም።»

ከዚያ ፖስታውን ገለበጠችው። የጠረጴዛው እግር መሀሉ ላይ ክብ ሆኖ ታትሟል። ክቡን በጣቷ ዳሰሰችው።

«መቼ ነው የመጣው?»

«ከመሄዱ አሥራ ሁለት ቀን በፊት።»

ደብዳቤውን ይዛ ወደ መኝታ ክፍሏ ገባች፤ ቁልፉ ከውስጥ ሲዞር ተሰማቸው።

ሽማግሌው የመሣሪያ ሳጥናቸውን ከፈቱ። ቁራጭ እንጨት መርጠው ሞረዱ፤ ለኩት፣ አሁንም ሞረዱት፤ ከአጭሩ እግር ስር አስገቡት። ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ነቀነቁ።

ምንም የለው።

ሞረዱን በመሐረባቸው ጠርገው ሳጥኑ ውስጥ መለሱት።