የተነካው መደብ

ሠራተኛው ሁሉ «ጋሽ አምስት» ነው የሚላቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም፤ ንፍገታቸው ያተረፈላቸው ነው። በአበባ ሙከራ ቦታው ነጥብ ከሚሰጡት ሦስት ሰዎች አንዱ ሲሆኑ፣ ከአሥር የሚሰጡት ነጥብ ከአምስት ፈቅ ብሎ አያውቅም። ሌሎቹ አፋቸውን ከፍተው የሚያደንቁትን የዴዚ አበባ እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዞር ዞር ብለው ያዩትና «ምንም አይልም» ይላሉ። በሳቸው አፍ «ምንም አይልም» ትልቅ ውዳሴ መሆኑን ለማወቅ አብሯቸው ብዙ የሠራ ሰው መሆን ያስፈልጋል።

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አዳዲስ የዴዚ ዝርያዎች ከግሪን ሃውስ ወጥተው ሜዳ ላይ ይተከላሉ። እያንዳንዱ ዝርያ ሦስት መደብ አለው፤ አንዱ አጥሩ ሥር፣ አንዱ መሀል ሜዳ፣ አንዱ ደግሞ ታች ውሃ የሚያቁርበት ጥግ። ከዚያ በኋላ፣ ሰው ግቢው ውስጥ ተክሎ እንደሚረሳው አበባ፣ ይተዋሉ። የደረቀ አበባ አይቀጠፍላቸውም፣ ድጋፍ አይቆምላቸውም፣ ነፋስ ቢጥላቸው የሚያነሳቸው የለም። የሰው እጅ የነካው መደብ ተሰርዞ ይነቀላል፤ አንድ መደብ የተሰረዘበት ዝርያም የዚያን ዓመት ምርጫ አይገባም። ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ጋሽ አምስት ናቸው። አዲስ ሠራተኛ የተጋደመ አበባ ሊያቃና ጎንበስ ሲል ካዩት «እጅህን ሰብስብ! ይነሳ እንደሆነ እንይ!» ብለው ይጮኹበታል።

ክፋቱ፣ ይህንኑ ደንብ ወደ ቤታቸውም ይዘውት ይገቡ ነበር። ሚስታቸው ገና በጊዜ ሞታባቸው አንዲት ሴት ልጃቸውን ብቻቸውን ነው ያሳደጉት። ልጅቷ ብስክሌት ስትለምድ ወድቃ ጉልበቷ ሲላጥ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው አዩአት። ተነሳች። አድጋ፣ አግብታ፣ ትዳሯ ፈርሶ ሻንጣዋን እየጎተተች ስትመለስም በሩን ከፈቱላት፣ የድሮ ክፍሏን አሳዩአት፣ «እንግዲህ ራስሽን ቻል አድርጊ» አሏት፤ በቃ። በግድግዳው ማዶ ስታለቅስ ይሰማቸው ነበር። ተነስተው በሯ ድረስ የሄዱበትም ጊዜ አለ፤ እጃቸው ግን ለማንኳኳት አልታዘዝ አላቸው።

ልጅቷ ቀስ በቀስ ደህና ሆነች። እዚያው ሙከራ ቦታ፣ ማዳቀያው ክፍል ውስጥ በረዳትነት ተቀጠረች። ሥራዋን ቤት ድረስ እየተሸከመች መጥታ የወጥ ቤቱን መስኮት በእርጎ ጣሳ ሞላችው፤ በየጣሳው አንዳንድ ችግኝ። አባትየው ኩባያ የሚያስቀምጡበት ቦታ አጥተው ጠዋት ማታ ያጉረመርማሉ፣ ዞር ስትል ግን ጣሳዎቹን ወደ ፀሐይ ያዞሩላታል። ከዚያ ሁሉ ልፋት አንዲት ዴዚ ወጣች፤ አጠር ያለች፣ ነጭ፣ መሀሏ እንደሌሎቹ ደማቅ ቢጫ ሳይሆን ወደ አረንጓዴ የሚያደላ። ዘንድሮ ያቺ ዴዚ ሜዳ ወጣች። ከተመረጠች ልጅቷ ረዳትነቷ ቀርቶ አዳቃይ ትባላለች። ጋሽ አምስትም ዘንድሮ ጡረታ ይወጣሉ።

የሙከራ ቦታው ኃላፊ «ጋሼ፣ የልጅዎ ስለሆነች ይቺን እርስዎ ቢዘሏትስ?» ብላቸው ነበር።

«ለልጄም አምስት ነው» አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ ሁሉም አመናቸው።

የመጨረሻው ነጥብ ሊሰጥ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አመሻሹ ላይ በረዶ ወረደ። ጣራው ጆሮ እስኪያደነቁር ተቀጠቀጠ። ልጅቷ የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ተለጥፋ ቆመች፤ ሻይዋ በእጇ ላይ ቀዘቀዘ።

«አባዬ፣ ትነሳለች አይደል?»

«እናያለን» አሉ።

ቃሉ ከአፋቸው እንደወጣ ሊመልሱት ፈለጉ፤ ምን ብለው ይመልሱት? ልጅቷ ኩባያዋን አጥባ ወደ ክፍሏ ገባች።

በማግስቱ ማንም ሳይገባ ሙከራ ቦታው ደረሱ። ሜዳው ያሳዝናል፤ ዴዚው ሁሉ ጭቃ ላይ ተነጥፏል፣ በረዶው ጥጋ ጥጉን ገና አልሟሟም። የልጃቸው ዴዚ መሀል ሜዳው ላይ ፊቷን ጭቃ ውስጥ ደፍታለች። ጋሽ አምስት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ስንት ዓመት እንደዚያ ቆመዋል! ዛሬ ግን አላስቻላቸውም። እጃቸው ተፈታ፣ ጉልበታቸው መሬት ነካ። አበቦቹን አንድ በአንድ ቀና አደረጉ፣ ጭቃውን በላስቲክ ጠርሙሳቸው ውሃ አጠቡ፣ ቀጫጭን እንጨት እየሰካኩ በቅጠሉ ሸፈኑት። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አይዞሽ» ይላሉ እየደጋገሙ። አፋቸው እንዲህ ማለት እንደሚችል ራሳቸውም የሚያውቁ አይመስሉም ነበር።

ሲጨርሱ ፀሐይ ወጥታለች። አጥሩ ሥር ያለውን መደብ ለማየት ሄዱና ደርቀው ቀሩ። የልጃቸው ዴዚ ቆማለች። ግራና ቀኟ ያሉት አሁንም እንደተጋደሙ ናቸው፤ እሷ ግን አንገቷን አቅንታ ቆማለች። እየተንደረደሩ ወደ ታችኛው ጥግ ወረዱ። እዚያም ውሃው መሀል ቆማለች፤ ማንም ሳይነካት።

ቀልባቸው ተገፈፈ። ታሸንፍ የነበረችውን ልጅ የጣሏት ራሳቸው ናቸው። በእርግጥ ያያቸው የለም። እንጨቱን እንደሸፈኑት ዝም ቢሉ ሦስቱም መደብ ቆሞ ይታያል፤ ነጥቡም ይሰጣል፣ ልጅቷም አዳቃይ ትባላለች። ይህን እያሰቡ ወደ መሀል ሜዳው ተመለሱ።

የግቢው በር ተከፈተና ልጅቷ በቦቲ ጫማዋ እየሮጠች ገባች። አጥሩ ሥር ደርሳ አፏን በእጇ ያዘች። ወደ ታች ሮጠች፤ ሳቋ እስከ ላይ ተሰማ። «አባዬ! ተነስታለች! በራሷ!» እያለች መሀል ሜዳው ላይ ስትደርስ የሱሪያቸው ጉልበት በጭቃ ተለውሶ አየችው። ሳቋ ቀጥ አለ።

«ነክቻታለሁ» አሉ።

«ምን?»

«አላስቻለኝም። ትነሳለች ብዬ አላመንኩም።»

ልጅቷ ወደ በሩ ዞራ አየች። «ሰው አይቶሃል?»

«ማንም አላየኝም። እንደፈለግሽ አደርጋለሁ፤ ዝም በል ካልሽኝ ዝም እላለሁ።»

ጎንበስ ብላ አንዱን እንጨት ነካ አደረገችው። ቀጥሎ የመጣው ድምፅ የቁጣ ነው ብለው ጠብቀው ነበር፤ አልነበረም።

«አባዬ፣ እሷማ ትነሳ ነበር። መነሳት ያቃተኝ እኔ ነበርኩ። ያኔ።»

ጋሽ አምስት አንገታቸውን ደፉ። «በርሽ ድረስ መጥቼ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። ወለሉ ሲጢጥ ሲል እሰማህ ነበር። አሁን ያንኳኳል፣ አሁን ያንኳኳል እያልኩ እጠብቅ ነበር።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ንገራቸው። ለከርሞ እንደገና ትተከላለች። እሷ እንደሆነች አትወድቅም።»

ኃላፊዋና ሁለቱ ነጥብ ሰጪዎች ሲገቡ፣ ጋሽ አምስት ደህና አደራችሁ እንኳ ሳይሉ «መሀለኛው መደብ ይሰረዝ፤ እኔ ነክቼዋለሁ» አሉ። ሰዎቹ የሚቀልዱ መስሏቸው ሊስቁ ነበር። ሰውዬው ግን መልስ ሳይጠብቁ ተንበረከኩና፣ ደንቡ እንደሚለው፣ የተሰረዘውን መደብ በእጃቸው ይነቅሉ ጀመር። ልጅቷ ከሥር ከሥራቸው እየተቀበለች፣ ሥሩን ከነአፈሩ በጋዜጣ ጠቀለለችው፤ ለቤታቸው ደጃፍ።

ጨርሰው ሊነሱ ሲሉ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ጭቃው ያንሸራትታል። አንደኛው ነጥብ ሰጪ ሊደግፋቸው ሲንደረደር ልጅቷ እጇን ዘርግታ አስቆመችው።

«ተወው» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ አፏ ይስቃል። «ይነሳ እንደሆነ እንይ።»

ጋሽ አምስት አንዴ ሞከሩ፤ ደግመው ሞከሩ። ቀና ብለው ልጃቸውን አዩአት፤ ዓይናቸው ለመናት። በሕይወታቸው እንደዚያ አድርገው አያውቁም። ልጅቷም አበባውን አስቀመጠችና መጥታ በሁለት እጇ ያዘቻቸው። የሰው እጅ ይዘው ተነስተው የማያውቁት ሰውዬ ጥብቅ አድርገው ያዟትና ተነሱ።

ከቆሙም በኋላ እጇን አልለቀቁም። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው «ስድስት ነበር የምሰጣት» አሏት።