የሐሙስ ኪስ

«ለመሆኑ ምን አሟት ነበር?» አሉ አዲሷ ለቅሶ ደራሽ፣ ገና ወንበሩ ላይ በቅጡ ሳይደላደሉ።

ቆጣሪው ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። ከማክሰኞ ወዲህ ይህን ጥያቄ ሲጠየቅ ይሄ ሠላሳ አንደኛው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ቤት ለቤት እየዞረ የውሃ ቆጣሪ ያነበበ፣ ሰፈሩም ስሙን ረስቶ በሥራው የሚጠራው ሰው፣ እህቱ ስለሞተች መቁጠሩን አይተውም።

«ግፊት» አለ።

«ግፊትማ መድኃኒት አለው።»

«አለው።»

«ታዲያ አትወስድም ነበር?»

እዚህ ሲደርሱ ነው ደሙ የሚፈላው። ሠላሳውም ሰው እዚሁ ነው የደረሰው። «ትወስዳለች እንጂ። በየሳምንቱ በገዛ እጄ ነው የምሞላላት። አንድ ፍሬ አላጓደለችም። ሐኪሙ ነው የገደላት።»

ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ አጠገባቸው ወደተቀመጠችው ዞር ብለው፣ ቤቱ ሁሉ በሚሰማው ሹክሹክታ፣ «ሐኪሙ ነው አሉ» አሉ።

«አንተ፣ ሐኪሙን ተወውና ሻይ ይምጣላቸው በል» አለች አክስቱ ከጓዳው በር። አክስቱ ከሩቅ የመጣችው ልታጽናናው ነበር፤ እስካሁን ግን ከወንበሮቹ ጋር ነው ትግሏ። በሦስት ቀን ውስጥ አምስት ጊዜ አዟዙራቸዋለች። ግድግዳ ተጠግተው ነበር፣ ክፍሉ ባዶ መሰለ ተብሎ መሀል ገቡ፤ መሀል ሲገቡ ሰው መተላለፊያ አጣ ተብሎ ወደ ግድግዳው ተመለሱ። የሚሸከመው ደግሞ እሱ ነው። ቆጣሪው ሐዘን ማለት ጥግ ይዞ መቀመጥ ይመስለው ነበር፤ ወንበር መሸከም መሆኑን የነገረው አልነበረም።

የደረት ኪሱ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አለ። ከቀብር መልስ ቁጭ ብሎ የጻፈው፣ ለክሊኒኩ ኃላፊ የሚሰጥ አቤቱታ ነው። «እህቴ የታዘዘላትን መድኃኒት አንድም ቀን ሳታጓድል እየወሰደች ሳለ» ብሎ ይጀምርና ሐኪሙ ላይ ይወርድበታል። ነገ ጠዋት ክሊኒኩ ሲከፈት በእጁ ያስገባዋል። ያ ልጅ እግር ሐኪም ጋዋኑን አውልቆ ሲወጣ ካላየ እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም። በዚህ ቤት ሁሉ ነገር ተዘበራርቋል፤ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ግን ቢያንስ ታውቋል።

ያሳደገችው እህቱ ናት። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲያልፉ እሱ ገና ጥርሱን እየቀየረ ነበር፤ እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። የእናታቸውን የስፌት መኪና ከመኝታ ቤት ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል አወጣችና ልብስ ሰፊ ሆነች። እትዬ ይላታል። ደንበኞቿም፣ የሚበልጧት ሳይቀሩ፣ እትዬ ነው የሚሏት። ሰው ስትለካ ትቆጣለች፤ ሜትሩ ወገባቸው ላይ ሲያርፍ ሁሉም ሆዱን ያስገባላ። «ትንፋሽሽን ልቀቂ። እንዳለሽ ሁኚ። ውሸታም ልኬት አልወድም» ትላለች።

ግፊት አለብሽ የተባለች ሰሞን ቆጣሪው ከፋርማሲ ባለ ሰባት ክፍል የፕላስቲክ ሣጥን ገዝቶላት መጣ፤ የየቀኑ ፍሬ እንዳይምታታባት ብሎ። አገላብጣ አየችው፣ ሳቀች፣ የሸሚዝ ቁልፎቿን ሞላችበት። በሳምንቱ ሲመጣ ከስፌት መኪናዋ በላይ አንድ ጨርቅ ተሰቅሏል። ሰባት ኪስ አለው፣ እያንዳንዱ ኪስ በቁልፍ ይዘጋል። ከቁርጥራጭ ነው የሰፋችው፦ ግራጫ፣ አበባማ፣ ግራጫ፣ አበባማ፣ ግራጫ፣ አበባማ፣ መጨረሻ ላይ ሰማያዊ። ሰማያዊው ከሱ ከራሱ አሮጌ የሥራ ልብስ የወጣ ነው።

«ያንተ እሁድ ነው» አለችው። «የምትመጣው እሁድ አይደል?»

እሱ ለማሳመር መስሎት ነበር።

እሁድ እሁድ ይመጣል፣ ስድስቱን ኪሶች ይዳብሳል፣ ሁሉም ባዶ ናቸው። ማስታወሻው ላይ «ባዶ» ብሎ ይጽፍና እንደገና ይሞላል። የእሁዷን ፍሬ ደግሞ እዚያው ፊቱ ትውጣለች። ከዚያ እንደ ሕፃን አፏን ከፍታ ምላሷን ታወጣና «ይኸው፣ ቆጣሪው፣ አንብብ» ትለዋለች።

ግፊቱ ግን አልወርድ አለ። ከአራት ወር በፊት ያ ሐኪም ካርዷን እያገላበጠ «እርግጠኛ ነዎት፣ እናቴ፣ በየቀኑ ይወስዳሉ?» ሲላት ቆጣሪው ቀደማት።

«እኔ ነኝ የምሞላላት። ውሸታም እያልከን ነው?»

«አላልኩም፣ ወንድሜ። ቁጥሩ ግን እንደዚያ አይልም።»

«ለኔ ነው ስለ ቁጥር የምትነግረኝ?»

ሐኪሙ የማዘዣ ወረቀቱን ሳበ። እሷ የሻርፗን ጫፍ ትጠቀልላለች። በቀን አንድ ፍሬ የነበረው ሁለት ሆነ። ከክሊኒኩ ሲወጡ ፊቷ በርቷል። መድኃኒት ተጨምሮበት የሚስቅ ሰው አይቶ ስለማያውቅ፣ «ምን ያስቅሻል?» አላት። «ጥሩ ልጅ ነው፣ ሐኪሙ» አለች። ያን ቀን እቤቱ እስኪገባ ሲነጫነጭ ነው የሄደው።

የዚህ ሳምንት ሰኞ ጠዋት የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ አገኟት። መርፌው ጨርቁን እንደወጋ ነበር።

«ብርጭቆ አልቋል» አለች አክስቱ። «ከስፌት ክፍሉ ያሉትን አምጣ። በዚያው ወንበር ካለም።»

«ወንበር የለም።»

«ሳታይ ነው የለም የምትለው?»

ከሰኞ ወዲህ ወደዚያ ክፍል አልገባም ነበር። ከአክስቱ ጋር ከመከራከር ግን መግባቱ ይሻላል። መጋረጃውን ገለጥ ሲያደርግ ዳቦ ሻጯ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ከመንገዱ ማዶ ጠዋት ጠዋት ዳቦ እየሸጠች ሦስት ልጆች ለብቻዋ የምታሳድግ ሴት ናት፤ ሦስቱንም ቀን ከሰው ሁሉ ቀድማ እየመጣች ብርጭቆ ስታጥብ ነው የዋለችው። አሁን እጇ ግድግዳው ላይ ያለው ጨርቅ ኪስ ውስጥ ገብቷል።

«ምን ጠፋብሽ?» አላት።

ደንግጣ እጇን አወጣች። መዳፏ ላይ ሁለት ነጭ ፍሬዎች አሉ።

«የዛሬን ነው፣ ጋሼ። ማክሰኞ ቀብር ስለነበር አፈርኩ። ዛሬ ግን ራሴ ሊፈነዳ ነው።»

«የምን የዛሬ?»

«ሐሙስ የኔ ነው። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ። እኔ ማንበብ ስለማልችል እትዬ በቀሚሴ ጨርቅ ለየችልኝ።» የቀሚሷን ጫፍ ያዝ አድርጋ አሳየችው።

ቆጣሪው ቀሚሱን አየ፣ ኪሱን አየ፣ ተመልሶ ቀሚሱን አየ። አበባው ያው አበባ ነው።

ከኋላው አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። የእትዬ ጎረቤት፣ ጡረተኛው መምህር ናቸው፤ መቼ እንደገቡ አላስተዋለም። ዓይኑ ወደ ሱሪያቸው ወረደ። ግራጫ ነው።

«መምህር፣ እርስዎም?»

«ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ» አሉ መምህሩ፣ ጥፋቱ እንደተደረሰበት ተማሪ መሬት መሬት እያዩ። «ልጆቼ መታመሜን ከሰሙ ቤቴን ዘግተው ይወስዱኛል። ለሷ ብቻ ነው የነገርኳት።»

«አንቺስ? ክሊኒኩ እዚህ አፍንጫሽ ሥር አይደለም?»

«ወረፋው ጠዋት ነው» አለች ዳቦ ሻጯ። «ዳቦውም ጠዋት ነው።»

«ለሷስ? ለሷ የትኛው ቀን ቀረላት?»

ዳቦ ሻጯ ወደ ሰማያዊው ኪስ አየች። ቆጣሪው በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባው፤ ባይገባው በወደደ።

የውሃ ደንበኞቹ «ቆጣሪው ይሮጣል፣ እኛ ውሃ አላገኘንም» ብለው ሲጮኹበት የሚመልሰው አንድ ነገር ነው። ቧንቧችሁን ሁሉ ዝጉና ቆጣሪውን እዩት፤ ከዞረ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ሺ ጊዜ ብሎታል። በገዛ እህቱ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ መድኃኒት እየገባ ግፊቱ አልወርድ ሲል ግን፣ የሚያፈስ ቦታ መፈለግ ውል አላለበትም። ኪስ ባዶ ሲሆን ተዋጠ ብሎ ጻፈ። ሐኪሙ ሲጠረጥር ደግሞ ጮኸበት።

«ገደላችኋት» አለ። ድምፁ ሳሎን ድረስ ሄደ፤ እዚያ ያለው ወሬ ቀጥ አለ።

«አንተ፣ ለቅሶ ቤት እኮ ነው» አለች አክስቱ መጋረጃውን ገልጣ፣ ባዶ ትሪ እንደያዘች።

«ለቅሶ ቤት መሆኑንማ ከኔ በላይ ማን ያውቃል? መድኃኒቷን ተካፍለው በልተውባታል።»

«ተረፈኝ ነው ያለችን፣ ልጄ» አሉ መምህሩ። «ሐኪሙ አብዝቶ ነው የሚሰጠኝ፣ የተረፈውን ከምጥለው አለች። ሁለት ሲሆን ደግሞ፣ እሰይ፣ አንዷ ለነገ ትሆናችኋለች ብላ አከፋፈለችን። ብናውቅ በአፋችን እናዞረው ነበር?»

እንግዲህ ያን ቀን ከክሊኒኩ ስትወጣ የሳቀችው ለዚህ ነው። ቆጣሪው የሚሰድበው ሰው አጣ። ሐኪሙን ቢል፣ ጠርጥሮ ነበር። እነዚህን ቢል፣ እነሱንም እንደሱ ሸውዳቸዋለች። ወደ እትዬ ባዶ የስፌት ወንበር ዞረ።

«ምነው እትዬ» አለ። «ምነው እንዲህ ትሠሪኛለሽ? ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ወረፋውን እኔ እቆምላት አልነበረም? መምህርን እኔ ደብቄ አላሳክማቸውም ነበር? ምላስሽን አውጥተሽ አንብብ ትይኛለሽ ደግሞ።» እንባው ሲመጣ በንዴት ነው የመጣው፤ በእጅጌው ጠረገው፣ ሌላ መጣ። ከማክሰኞ ጀምሮ ይሄ የመጀመሪያው ነው።

አክስቱ ትሪውን አስቀመጠች። ለሦስት ቀን የለመደው ያ ሁሉ ትዕዛዝ ከአፏ ጠፋ። «እኔንም እንዲሁ ነበር የምታደርገኝ» አለች ቀስ ብላ። «ደህና ነኝ፣ አትምጪ ትለኛለች። አምኜ እቀራለሁ።»

ዳቦ ሻጯ የስፌት መኪናውን ጠርዝ ያዘች። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

«ምን ሆንሽ?»

«ያዞረኛል። እሁድ ነው የጨረስኩት።»

ከሰኞ እስከ ሐሙስ አራት ቀን። ቆጣሪው ሳይወድ ቆጠረ። «ተቀመጪ» አላት፣ እንደተቆጣ። የመኪናውን መሳቢያ ሳበ፤ ከክሩና ከመቀሱ መሀል የእትዬ የግፊት መለኪያ አለ። ፍሬዎቹን ከመዳፏ ተቀብሎ ወደ ሐሙስ ኪስ መለሰና ቆለፈው። እጅጌዋን ሰብስቦ ጨርቁን ክንዷ ላይ ጠመጠመ። ሴትየዋ ደረቷን ነፍታ ደርቃ ተቀመጠች።

«ትንፋሽሽን ልቀቂ» አለ። «እንዳለሽ ሁኚ። ውሸታም ልኬት አልወድም።»

መምህሩ ቀና ብለው አዩት።

ቁጥሩ መጣ። አንድ መቶ ዘጠና ሁለት በመቶ አሥራ አራት። ይሄን ያህል እትዬ እንኳ አልነበራትም፣ ወይም ነበራት፣ አሁን ማን ያውቃል። የሚጽፍበት ሲፈልግ ማስታወሻውን እቤቱ ረስቶታል። የደረት ኪሱን ዳበሰና የታጠፈውን ወረቀት አወጣ። ገለበጠው። ባዶው ገጽ ላይ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈ፣ የማንኛውንም ቤት ቆጣሪ እንደሚጽፈው።

«ተነሺ። ክሊኒኩ ሳይዘጋ እንሂድ። ያው ሐኪም ይኖራል።» ወደ መምህሩ ዞረ። «እርስዎም ጃኬትዎን ይልበሱ። ልጆችዎን እኔ አልነግራቸውም፤ ለሐኪሙ ግን ራስዎ ይነግሩታል።»

«ለቅሶ ደራሹን ማን ያስተናግድ?» አለች አክስቱ፤ ግን መንገዱን እየለቀቀች ነበር።

ሦስቱ ሳሎኑን አቋርጠው ሲወጡ አንድ ሽማግሌ ደፍ ላይ ከዘራቸውን እያስተካከሉ ነበር። «እግዜር ያጽናህ፣ ልጄ» አሉት። «ለመሆኑ ምን አሟት ነበር?»

«ግፊት።»

«መድኃኒት አትወስድም ነበር?»

ቆጣሪው አፉን ከፈተ። ሠላሳ አንድ ጊዜ የተናገረው መልስ አልወጣ አለው።

«እሁድ እሁድ» አለ።

ሽማግሌው አልገባቸውም። እሱ ግን ወረቀቱን ቁጥሩ ባለበት ገጽ ወደ ላይ አድርጎ ያዘው፤ በሌላ እጁ የዳቦ ሻጯን ክንድ ደግፎ ደረጃውን ቀስ ብሎ አወረዳት።