በሰም የታሸገው ሣጥን

ክንዴ ሣጥኑን በቅሎዋ ላይ ሲጭን ሚስቱ ጤናዬ ልጓሙን ይዛ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። እሱ ምን ገዶት! ደርግ ከወደቀ ወዲህ ሲስቅ ያየው የለም፤ ዛሬ ግን ጢሙን ተላጭቶ፣ የወታደር ካፖርቱን ለብሶ፣ በቅሎዋን ሳይቀር «እመቤቴ» እያለ ይቀልድባታል።

ክንዴ በቀድሞው ጦር የሚሳኤል ክፍል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ሚሳኤሉን የሚያነሣው መኪና ኤሌክትሪክ ካላገኘ ቁራጭ ብረት ነው ይላል። ጦሩ ሲበተን ሰው ሁሉ ጠመንጃውን እየጣለ ሲሸሽ፣ እሱ የዚያን መኪና መለዋወጫ፣ ሽቦውን፣ ፊውዙን፣ ማብሪያ ማጥፊያውን፣ በእንጨት ሣጥን ተሸክሞ አገሩ ዳባት ገባ። እርጥበት እንዳይነካው ዙሪያውን በሰም ደፍኖ ከጎታው ሥር ቀበረው። «መንግሥት ይሂድ ይምጣ፣ ዕቃው የአገር ነው። አንድ ቀን ይፈልጉኛል» ይል ነበር። አየር ያበላሸዋል ብሎም አንድ ቀን እንኳ አልከፈተውም።

ጤናዬ ግን ከፍታዋለች። በዚያው ዓመት የጦር ዕቃ የተገኘበት ይታሰራል የሚል ወሬ ሰፈሩን አመሰው፤ ጎረቤታቸው ሀብተ ሚካኤል ለአንዲት የተሰበረች የሜዳ ስልክ ተወስዶ ሲመለስ ሰው አልሆነም። ክንዴ ገበያ በዋለበት ቀን ያን ሁሉ ዕቃ በጆንያ አዝላ ገደል ከተተችው። በምትኩ ከአጥሩ ካብ ድንጋይ ሞላችና ሣጥኑን በጧፍ ሰም መልሳ ደፈነችው። ለማን ብላ? ለሱ ብላ። እነግረዋለሁ፣ እነግረዋለሁ ስትል ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ።

አሁን ደግሞ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሣ። የቀድሞ ጦር ባለሙያዎች ደባርቅ ሄደው እንዲመዘገቡ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተለፈፈ።

«ክንዴ» አለችው መንገድ ላይ፣ «ሣጥኑን ትተነው ብንሄድስ? የሚፈልጉት ሙያህን ነው።»

«ባዶ እጄን ሄጄ ማን ያምነኛል? ሰባት ዓመት የተበተነ ወታደር እየተባልኩ ኖርኩ፤ ዛሬ ስሜ ይመለሳል።»

ጤናዬ ቀና ብላ አየችው። ይኼን የበራ ፊት እንዴት አድርጋ ታጥፋው?

መዝጋቢው መኮንን ገና ልጅ እግር ነው። ክንዴን በአክብሮት አስቀመጠው። «እርስዎን የመሰለ ሰው ነው የምንፈልገው» አለው። እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ክንዴ ግን ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አወጣ፤ ውስጡ ያለውን አንድ በአንድ በቃሉ ጠራ፤ ሰሙን በሴንጢ ፈለቀቀና ክዳኑን አነሣ።

አንዱን ድንጋይ ይዞ አገላበጠው። የገዛ አጥሩ ድንጋይ ነው፤ ካቡን የካበው እሱ ነው። ቀና ብሎ ጤናዬን አያት።

የመኮንኑ ፊት ተለወጠ። «የመንግሥትን ዕቃ ለማን ሸጡት?»

«እኔ ነኝ፣ የኔ ጌታ» አለች ጤናዬ። «ገደል የጣልኩት እኔ ነኝ። እሱ አያውቅም።»

«አይስሟት» አለ ክንዴ ቀስ ብሎ። «እኔን ለማዳን ነው። የሸጥኩት እኔ ነኝ።»

መኮንኑ ያመነው እሱን ነው። ሚስት ለባሏ ስትል ምን የማትለው አለ?

ወታደሮቹ ሊወስዱት ሲነሡ ክንዴ ካፖርቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለላት። «ልበሺው፣ መንገዱ ብርድ ነው» አላት። ጤናዬ በሩ ላይ ተንበርክካ ብትለምን፣ በታቦት ብትምል፣ የሰማት የለም። መጨረሻ ላይ ዘበኛው ሣጥኑን አውጥቶ አጠገቧ አኖረና «ዕቃሽን አንሺ እናቴ፣ መተላለፊያ ነው» አላት።

ድንጋዩን መልሳ በቅሎዋ ላይ ጫነች። የዳባትን መንገድ ይዛ «እንዳይታሰር ብዬ ነበር፣ እንዳይታሰር ብዬ ነበር» ትላለች ለበቅሎዋ።