ማሳው ላይ የተዘረጋው ካሴት

ሞላሌ ከተማ ውስጥ ሮክ የሚሰማ አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። አያልነሽ እባላለሁ፤ መናኸሪያው አጠገብ ሙዚቃ ቤት አለኝ። ሙዚቃ ቤት ስል ፍላሽና ሚሞሪ ላይ ዘፈን እጭናለሁ፣ ስልክ እጠግናለሁ፣ ባትሪ ቻርጅ አደርጋለሁ ማለቴ ነው። የመጣው ሰው የጠየቀውን ጭኜ ስጨርስ፣ ሳይጠይቀኝ አንድ የብራቅ ባንድ ዘፈን እመርቅለታለሁ። «አንቺ ሴት፣ ፍላሼ ውስጥ ሰው ይጮኻል፤ አውጪልኝ» እያለ የሚመለስ አለ። አላወጣም። የተመረቀ ነገር አይመለስም።

ብራቅ የያዘኝ መሐል ሜዳ ከተማ ዘጠነኛ ክፍል ስማር ነው። ያኔ ሦስተኛ አልበማቸው ወጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያወጡት ሁሉ አለኝ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ግን ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። በካሴት ብቻ ወጥተው፣ ጥቂት ተሸጠው፣ እንደወጡ ቀሩ። አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር አሮጌ ካሴት የሚሸጡትን ስነዘንዝ ነው የምውለው። አንዱማ «እህቴ፣ እሱን ካገኘሽ እባክሽ ለእኔም ንገሪኝ» ብሎ አሰናበተኝ።

ቢያድግልኝ የሚባለው ባሌ ሮክ አይወድም፤ እኔን ግን ይወዳል፤ ስለዚህ ይችለኛል። ዝምተኛ ነው። እኔ ስቆጣ እሱ ይስቃል፤ ያ ደግሞ ይብስ ያቆጣኛል። እናቱ እማማ ካሳነሽ የሞቱት እሱ ገና አምስት ዓመቱ ሳለ ነው፤ እኔ አላውቃቸውም። አንድ ጊዜ ሱቅ ቁጭ ብለን፣ የአንድ ደንበኛ ስልክ ውስጥ የልጁን ድምፅ ስንሰማ፣ ቢያድጌ ድንገት «የእናቴን መልክስ በፎቶ አውቀዋለሁ» አለኝ። «ድምጿ ግን ጠፋኝ። እፈልገዋለሁ፣ እፈልገዋለሁ፣ አይመጣም።» የደንበኛውን ስልክ ድምፁን ቀነስኩት።

ባለፈው ጥቅምት የቢያድጌ አባት አባባ ወንዳፈራሁ «ሶላሯ አልበራ አለች» ብለው ላኩብኝ። ቤታቸው ከሞላሌ ወጣ ብሎ ነው፤ የድንጋይ ቤት፣ ከፊቱ የገብስ ማሳ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ሌላ ሳያገቡ፣ ልጃቸውን ብቻቸውን አሳድገው፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። እሑድ ሄድኩ። ገመዱ ተበልቶ ኖሯል።

«ከዚያ ከእንጨቱ ሣጥን ውስጥ ሽቦ አይጠፋም፤ ፈልጊ» አሉኝ።

ሽቦ ስፈልግ ሁለት የካሴት ማኅደር እጄ ገባ። አቧራውን በነጠላዬ ጠረግኩት። ጸጉራቸውን ያጎፈሩ አራት ጎረምሶች ቋጥኝ ላይ ቆመዋል፤ ከላያቸው «ብራቅ፣ ቁጥር አንድ» ይላል። ሁለተኛውም «ብራቅ፣ ቁጥር ሁለት»።

እንዴት እንደጮህኩ አልነግራችሁም። ውጭ የታሰረችው በቅሎ ደነገጠች።

«ምነው? እባብ ነው?» አሉ አባባ፣ ብድግ ብለው።

«አባባ! ይሄን ከየት አመጡት?»

«ኧረ በስመ አብ! እሱንማ እነዚያ ጸጉራሞቹ ናቸው የላኩት» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። «መኪናቸው እዚህ መንገዱ ላይ ተሰብራባቸው እኛ ዘንድ አደሩ። ካሳነሽ ማማ ላይ ወጥታ ወፍ ስትጠብቅ ሰሟትና እንደ ጉድ ተሰበሰቡባት። መቅጃቸውን አምጥተው ድምጿን ቀዱት። ሲሄዱ እንልክልሻለን ብለው፣ በዓመቱ ሁለቱን ካሴት በሾፌር ላኩላት። ከሁለቱ የመጀመሪያው ላይ ነው አሉ ያለችው። እኛ ቴፕ የለን! መሐል ሜዳ ወጥተን እናሰማለን ስንል ስንል ታመመች። ከዚያማ በዚህ ቤት ምን ዘፈን አለ፣ ልጄ።»

የብራቅ የመጀመሪያ አልበም፣ በዚያ ላይ የቢያድጌ እናት ድምፅ። ማኅደሩን ከፈትኩት። ሁለተኛው ደህና ነው። የመጀመሪያው ውስጥ ያለው ግን ባዶ ቀፎ ነው፤ ክሩ የለም።

«አባባ፣ የዚህ ክሩስ?»

በከዘራቸው በበሩ ወደ ውጭ አመለከቱኝ። «ሥራ ላይ ናት።»

ወጥቼ አየሁ። ማሳው ዙሪያ ካስማ ተተክሏል፤ ከካስማ ካስማ የካሴት ክር ተወጥሮ በፀሐይ ያብለጨልጫል፤ ነፋሱ ሲነካው እንደ ንብ እምምም ይላል። ስንቴ አይቼዋለሁ፤ በኛ አገር ወፍ የሚባረረው በዚህ ነው። ሰው አሮጌ ካሴት ከገበያ እየገዛ ሲያስር ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ያን ቀን ግን እሪ ልል ምንም አልቀረኝ።

«አባባ! ምን ነካዎት? የእማማን ድምፅ ወፍ ማባረሪያ አደረጉት?»

እሳቸው ፈጽሞ አልተቆጡም። «ኧረ ምን ታደርጊያለሽ፣ ሥራዋ እኮ ነው። እሷ እያለች ከዚህ ማሳ ወፍ አንዲት ዛላ ቀምሳ አታውቅም። ዘንድሮ እኔን ጉልበት ከዳኝ፤ ማማ መውጣት አቃተኝ። ጎረቤቶቼ ክር ሲያስሩ አየሁና፣ የማንም አዝማሪ ድምፅ ወፍ ካባረረ የእሷ እንዴት አያባርር ብዬ ባለፈው ሳምንት ዘረጋኋት። ይኸውልሽ፣ አንዲትም አልደፈረች።»

መቆጣትም መሳቅም አቃተኝ። ፀሐዩ፣ ነፋሱ፣ የሌሊቱ ውርጭ ክሩን እንደሚያበላሸው፣ አጨዳ እስኪደርስ ከቆየ ምንም እንደማይተርፈው ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አታንሺያት። ይሄን ሁሉ ዘመን ሣጥን ውስጥ ቆልፌባት ኖሬ፣ ገና አሁን ወጣች።»

ያኔ የማልናገረውን ተናገርኩ። «አባባ፣ ቢያድጌ የእናቱን ድምፅ አያስታውሰውም።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ማን አለሽ?»

«ራሱ። እፈልገዋለሁ አይመጣም አለኝ።»

«ለእኔ አንድ ቀን አላለኝም።»

«እርስዎስ መቼ ጠይቀውት ያውቃሉ?» አፌን ቢይዘኝ ይሻል ነበር፤ ግን ወጣ። አባባ የቅርቡን ካስማ በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉት። ንግግሬ አሳፈረኝ፤ ይቅርታ ልጠይቅ ስል እሳቸው ቀደሙኝ።

«ገብሱስ? ካነሳሻት ማን ይጠብቀዋል?»

«እኔ።»

ከጫማዬ እስከ ጸጉሬ አዩኝ። «አንቺ?»

«ድምፅ እንደሆነ አለኝ።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አሉና ሳቁ። ስምምነታችን ይኸው ነበር።

በማግስቱ ሱቄን ቆልፌ ማማ ላይ ወጣሁ። ሞላሌ ሙሉ ተሳለቀብኝ፤ «አያልነሽ ፍላሽ ትታ ወፍ ያዘች» ተባለ። ወንጭፍ አባባ አስተማሩኝ፤ የመጀመሪያዋ ድንጋይ ወደ ኋላ በርራ በቅሎዋን ልትፈነክታት ነበር። ከዚያ ወዲያ ወንጭፉን ትቼ በጉሮሮዬ ሆነ። የብራቅን ዘፈኖች ከሦስተኛው አልበም ጀምሬ በየተራ ለቀቅኋቸው። ወፉ ሁሉ ግር ብሎ ወደ ጎረቤት ማሳ ተሻገረ፤ ጎረቤትየው ደግሞ መጥቶ ለአባባ ከሰሰኝ።

ክሩን የሰበሰበው ቢያድጌ ነው። አባቱ ነግረውት መጣ፤ ለእኔ ምንም ሳይለኝ ከካስማው እየፈታ፣ እንዳይጠማዘዝ በጣቶቹ መሃል እያሳለፈ፣ ቀኑን ሙሉ ሠራ። ማታ ማታ እኔ የተበጠሰውን በማጣበቂያ ስኮች እየቀጠልኩ፣ ቀፎው ውስጥ በእስክሪብቶ ጠመጠምኩት። አባባ የቋጠሩበት ቦታ ሁሉ ተጨማዷል፤ አንዳንዱን ቆርጦ መጣል ግድ ሆነ። መቀስ ባነሳሁ ቁጥር መልሼ አስቀምጠዋለሁ። እማማ ያሉት እዚች ቁራጭ ላይ ቢሆንስ?

ቴፑን ያገኘሁት ከከድር ነው። ከድር ከታች ከቆላ እየመጣ ገበያ ላይ አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ የአባቱን ቴፕ አልሸጥም ብሎ አስቀምጦታል። «ለአንቺ ስል ነው» አለኝ። «ክሩ የሚነካውን ጭንቅላቱን በአልኮል ጥረጊው። ካሴቱን ቢበላብሽ ግን በእኔ እንዳታላክኪ።»

መጀመሪያ ደህናውን፣ ቁጥር ሁለትን ሞከርኩት፤ ቴፑ ካሴት ይበላ እንደሆነ ለማየት። እንዲያ ብዬ ራሴን አታለልኩ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር አላስችል ብሎኝ ነው። እኔ የማውቀው ብራቅ ታጥቦ የተተኮሰ ነው። ይሄኛው ከእንቅልፉ እንደተነሳ ነው። ጊታሩ አልተቃኘም። ድራም መቺው ማን እንዳባረረው እንጃ፣ ሁሉንም ጥሏቸው ይሮጣል። ያ ድምፁ እንደ ወፍጮ የሚያጓራው ዘፋኝ እዚህ ገና ድምፁ የሚሰበር ጎረምሳ ነው፤ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ሲደርስ ይሰነጠቃል፣ ግን አይመለስም፣ እንደተሰነጠቀ ይዘፍናል። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ። የምወዳቸው ሰዎች ልጅ ሆነው ያገኘኋቸው መሰለኝ።

የመጀመሪያውን ለብቻዬ ልሰማው አልፈለግሁም። ወፎቹ ወደ ማደሪያቸው ሲገቡ ከማማው ወርጄ ሦስታችን የአባባ ቤት ተቀመጥን። ቢያድጌ እጁን ጉልበቶቹ መሃል ወትፎ መሬት መሬት ያያል። አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበዋል። «በል እንግዲህ» አሉ፤ ለማን እንዳሉ አላውቅም።

ተጫንኩት። ድምፁ ይዋዥቃል፣ የቀጠልኩበት ቦታ ሲደርስ ይዘላል። የመጀመሪያው ገጽ አለቀ፤ እማማ የሉም። ቢያድጌ ቀና ብሎ አላየኝም። ቆርጬ የጣልኳት ቁራጭ ሁሉ ዓይኔ ላይ ሄደች። ካሴቱን ስገለብጥ አምላኬን ለመንኩት፤ ሮክ ይዤ ስጸልይ የመጀመሪያዬ ነው።

ገለበጥኩት። አንድ ዘፈን አለፈ። ሁለተኛው ላይ ጊታሩ እያደገ እያደገ መጥቶ ድንገት ቆመ። ነፋስ ተሰማ፤ ይሄው የኛው ነፋስ። ከዚያ ሴት፦

«ሃይ! ሃይ! አንቺ ወፍ!
ሂጂ ወደ ቆላ፣ ማሽላው ደረሰ፤
የኔስ ገብስ ገና ነው፣ እሸቱም አልተቀመሰ!»

ወፍራም፣ የተቆጣ፣ ሳቅ ያለበት ድምፅ ነው። ድራሙ ቀስ ብሎ ከሥሯ ገባ። ቢያድጌ ሁለት እጁን አፉ ላይ አደረገ። «እሷ ናት» አለ፤ «እሷ ናት፣ አያልዬ፣ እንዲህ ነበረች።» እንባው በጣቶቹ መሃል ይወርዳል።

የባንዱ ልጆች ያላጠፉት ነገር ደግሞ ነበር። እማማ ዘፈኑን አቋርጠው፣ ከማማው ወደ ታች ተጣሩ።

«አንቱ! ወፏ በታች በኩል አረፈች እኮ! አያዩዋትም?»

«አቤት!» አሉ አባባ።

ብድግ ብለው ቆመዋል። ጋቢያቸው መሬት ወድቋል፤ በእጃቸው ከዘራቸውን ይፈልጋሉ። «መጣሁ፣ መጣሁ» እያሉ በሩን ከፍተው ወጡ። ቢያድጌ ጋቢውን አንስቶ ተከተላቸው። ቴፑ ውስጥ ልጆቹ ሲስቁ ይሰማል፤ ከዚያ ጊታሩ መጣ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሬ ስፈልገው የኖርኩት ጊታር ነው። አጥፍቼው ወጣሁ።

አባባ ከማሳው ታች በኩል ቆመው ነበር፤ ቢያድጌ ጋቢውን ትከሻቸው ላይ እያደረገላቸው ነው። ገብሱ ላይ አንድም ወፍ የለም።

«አንቱ ነበር የምትልዎት?» አላቸው ልጃቸው።

«አንድ ቀን በስሜ ጠርታኝ አታውቅም» አሉ አባባ፣ ማሳውን እያዩ። «ጠርታኝ ቀርቼ ግን አላውቅም።»